ጄነሬተር ያላችሁ አጥፉ

ጋሽ ገመቹ ማረፋቸውን የሰማሁት ጉርድ ፎቶ ይዛ ከመጣች ልጃቸው ነው። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ወንበሮቹን እየወለወልኩ ነበር። ሐና በሩ ላይ ቆማ ፎቶውን ዘረጋችልኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍምና፣ «ደግሞ ዛሬ ምን ልታወጪ ነው? መታወቂያ ነው ፓስፖርት?» አልኳት። ፎቶው የአባቷ መሆኑን ያየሁት ከእጇ ከተቀበልኩ በኋላ ነው። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ደም መስሏል።

«አባቢ አረፈ፣ እትዬ ሮማን» አለችኝ። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እማዬ የሕይወት ታሪኩን ሮማን ትጻፈው ብላለች። ፎቶውም ከላይ ይግባ አለች።»

ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ማመልከቻና አቤቱታ ስጽፍ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የሕይወት ታሪክም እጽፋለሁ፤ ቀብር ላይ የምትነበበዋን አንድ ገጽ ማለቴ ነው። ከእናታቸው ከእገሊትና ከአባታቸው ከእገሌ ተወለዱ፣ ተማሩ፣ በሕግ ተጋብተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው አረፉ። መልኩ እጄ ላይ ስላለ ስምና ዓመተ ምሕረት ከነገሩኝ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም። የጋሽ ገመቹን ግን እስከ አምስት ሰዓት ድረስ መጨረስ አቃተኝ። «በሥራ ላይ ሳሉ በደረሰባቸው አደጋ» የሚለው ጋ ስደርስ ጣቶቼ ቆሙ። አደጋው ከሰማይ የወረደ ይመስላል እኮ እንዲህ ሲጻፍ።

ጋሽ ገመቹ የመብራት ሠራተኛ ነበሩ። ቢሮ ተቀምጠው ቢል የሚቀበሉ አይደሉም፤ ፖል ላይ የሚወጡ ነበሩ። የወሊሶ ሰው ቢሆኑም ያደጉትም ያገቡትም ጌጃ ሰፈር ነው። አጭር፣ አንገተ ደንዳና፣ ከሄልሜታቸው ሥር ክረምት ከበጋ የሹራብ ቆብ የማይለያቸው ሰው። በሠፈራችን መብራት ጠፍቶ መኪናቸው ብቅ ሲል ከሩቅ የሚታየው ያ ቆብ ነው።

ፖሉ ሥር ሲደርሱ መጀመሪያ በጡጫቸው ይደበድቡትና ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡታል። «እንጨት ውስጡ ሲበሰብስ ድምፁ ይለወጣል» ይሉ ነበር። ቀጥለው ትራንስፎርመሩ ጋ ሄደው ፊውዞቹን ይነቅሉና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይከቷቸዋል። ሥራው እስኪያልቅ ለባልደረባ አይሰጡም፤ መኪና ውስጥም አይተዉም። ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው፣ «ነፍሴን ይዣታለሁ» ይላሉ። ፖሉ ላይ ከወጡ በኋላ ሽቦው ኤሌክትሪክ እንደሌለው በመሞከሪያ ያዩታል። በመጨረሻ ሽቦውን በሌላ ሽቦ ከመሬት ጋር ያስሩታል። ሳይታሰብ ከሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ ቢመጣ በዚያ ወርዶ መሬት እንዲገባ፣ ሰው እንዳይነካ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ሙያውን ወድጄው አይደለም። ባለጉዳይ አስቀምጬ መብራት ስጠብቅ፣ «ጋሼ፣ ምን እንዲህ ያንቀራፍፍዎታል?» እያልኩ ስለምጨቀጭቃቸው ነው። እሳቸውም እያንዳንዷን ከላይ ሆነው ያስረዱኛል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ያቺኑ ይደግሟታል፦ «ሮማን፣ ሽቦ ይቅርታ አያውቅም። ሰው ነው የሚያውቀው።»

እኔ የምሰማው ግማሿን ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ፣ አይረሳኝም፣ ጎረቤቴ ጀማል ጸጉር ቤት ውስጥ አንድ ሰውዬ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ መብራት ጠፋ። ሰውዬው ስምንት ሰዓት ላይ ችሎት ነበረው። መቀስ ይሁንልኝ አለ፤ ጀማል መቀሱን ለሆነ ሰው አውሶት ነበር። ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ መንገድ ወጥቶ የመብራት ሠራተኛ የተባለን ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ መርገም ጀመረ። ጋሽ ገመቹ ይሄን ጊዜ እላዩ ላይ ያለው ፖል ላይ ናቸው። ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ፖሉን አቅፈው ቆሙ። «ወንድሜ፣ እኔ ስስቅ ነው የሚዘገይብህ፤ እባክህ ወደ ውስጥ ግባ!» አሉት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መብራቱ መጣ። ሰውዬው ዘሎ ገባ እንጂ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። ሲወርዱ፣ «ይሄ ባለጌ አያመሰግንዎትም?» አልኳቸው።

«መብራት ሲመጣ ሰው ሁሉ አምፖሉን ነው የሚያየው» አሉ። «ፖሉን ያየ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ግን እኔም የራሴ አለችኝ። ሥራዬን ጨርሼ ቶሎ አልወርድም። ያኔ ፊውዞቹን ለባልደረባዬ አወርድለታለሁ፤ እሱ ሲመልሳቸው ልጆቹ ከየግቢው ‹መጣ!› ብለው ሲጮኹ ከላይ ሆኜ እሰማለሁ። እሷን ሳልሰማ ወርጄ አላውቅም።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ። ሰው መብራት ሲጠፋበት የሚሰድበው እሳቸውን ነው። ሐምሌ ላይ እኛ በር ዘግተን ስንንቀጠቀጥ ዝናብ ከላይ እየወረደባቸው ሽቦ የሚቀጥሉትም እሳቸው ናቸው። ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። አማራሪዋ እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደማልፈልገው ቀን መሄዴ ነው።

ክረምት መግቢያ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተደፍኖ ነፋስ ተነሳና ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ፖል ላይ ሽቦ ተበጠሰ። የእኛ ረድፍ በሙሉ ጨለመ። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር የመጡ አንዲት እናት፣ እማማ ብዙነሽ፣ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። የቤት ክርክር ነው፤ የይግባኝ ጊዜያቸው የሚያልፈው በዚያው ዕለት ነው፤ መዝገብ ቤቱ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስምንቱ ገጽ ወጥቶ ዘጠነኛው ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርቷል። ፊርማ ያለበት ገጽ እሱ ነው።

ጄነሬተር ነበረኝ። ከሱቁ ጀርባ የማስቀምጠው ትንሽ ጄነሬተር። የሠፈር ሠራተኛ በሁለቱም ጫፍ መሰኪያ ያለው ገመድ ሠርቶልኝ ነበር። አንዱን ጄነሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ስሰካው ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም አምፖሉም በአንዴ ይነሳሉ። ታዲያ ቆጣሪው ሥር ያለው ማጥፊያ ካልተዘጋ ኤሌክትሪኩ ቤት ውስጥ አይቀርም፤ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ወደ ፖሉ ይወጣል። ማንም አልነገረኝም ብል ደስ ባለኝ። ነግረውኛል። ጋሽ ገመቹ ራሳቸው ቆጣሪው ጋ ወስደው፣ «ይቺን ሳትዘጊ እንዳታስነሺው» ብለው በጣታቸው አሳይተውኛል።

ያን ቀን መኪናቸው የደረሰው ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ባልደረባቸው ትራንስፎርመሩ ጋ ቀረ። እሳቸው በየሱቁ ጠየቁ።

«ጄነሬተርሽስ?»

«ጠፍቷል ጋሼ።» እውነቴን ነበር፤ ገና አላስነሳሁትም።

«ለእናታችን ስንት ደቂቃ ቀራቸው?»

«ሃያ አይሞላም። ጋሼ፣ በናትዎ ዛሬ እንኳ አይንቀራፈፉ! የእማማ ቤት መሄዱ ነው።»

እማማ ብዙነሽን አዩዋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። «እሺ፣ ዛሬ እሮጣለሁ» አሉና ወጡ። ሽቦውን በመሞከሪያ አዩት፤ ምንም የለውም። ከመሬት ጋር የሚያስሩበት ሽቦ መኪናው ላይ ነበር። ወርዶ ለማምጣትና ለማሰር አምስት ደቂቃ ይፈጃል። አላመጡትም። ያን ሁሉ ዘመን ሲንቀራፈፉ የኖሩ ሰው በእኔ ጭቅጭቅ ተጣደፉ።

እኔ ደግሞ ውስጥ ሆኜ ሰዓቱን አያለሁ። አሥር ደቂቃ ቀረ። ስምንት ቀረ። አንድ ገጽ ናት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም አልኩ። ከጀርባ ወጥቼ ጄነሬተሩን አስነሳሁት። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሱቆችም መብራት ጠፍቶባቸው ነበር፤ በሌላ መስመር ላይ ስለሆኑ ግን አጥፉ ያላቸው የለም፣ ጄነሬተራቸው ሁሉ ይንጫጫ ነበር፤ የእኔን ድምፅ ማንም አልለየውም። ማጥፊያውን መዝጋት ትዝ አላለኝም። አምፖሉ ቦግ አለ። ፕሪንተሩ ወረቀቷን ጎትቶ አወጣት። እማማ ብዙነሽ ፈርመው ይዘው ሲወጡ ጀማል ከደጅ፣ «ያ አላህ!» ብሎ ሲጮኽ ሰማሁ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ሮጬ ጄነሬተሩን አጠፋሁት። ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ ከወረቀት ካርቶኖቹ ሥር ወተፍኩት። ከዚያ ነው ወደ ደጅ የወጣሁት። መጀመሪያ ወደ ገመዱ፣ ቀጥሎ ወደ ሰውዬው። ይህን ቅደም ተከተል እስካሁን ከራሴ መደበቅ አልቻልኩም።

ጋሽ ገመቹ በወገብ ቀበቷቸው ተንጠልጥለው ነበር። የሹራብ ቆባቸው ጭቃው ላይ ወድቋል። ባልደረባቸው ወጥቶ፣ ጀማልና ሌሎችም ከታች ተቀብለው አወረዷቸው። እማማ ብዙነሽ በሰዓቱ ደርሰው ይግባኙን አስገቡ። ኋላም ቤታቸው ጸናላቸው፤ መጥተው መርቀውኛል።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤታቸው ሰዎች መጥተው ሱቅ ለሱቅ ጠየቁ። በእኛ ረድፍ ጄነሬተር ያለን አራት ነበርን። አራታችንም ጠፍቶ ነበር አልን። ሦስቱ እውነታቸውን ነው።

ጋሽ ገመቹ ከሁለት ወር በኋላ ሱቄ መጡ። ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት የለም፤ ክንዱም እንደ ፊቱ አይታዘዝም። ወንበር ሳብኩላቸው። ስለ አደጋው ለመሥሪያ ቤታቸው የሚያስገቡት ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ነው የመጡት።

«ጻፊ» አሉኝ። «አደጋው የደረሰብኝ ሽቦውን ከመሬት ጋር ሳላስር በመሥራቴ፣ በራሴ ጥንቃቄ ጉድለት ነው።»

«ጋሼ፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም! ራስዎን እኮ ነው የሚከሱት። ምክንያቱ አልታወቀም ይባል።»

«ያን ሁሉ ዓመት ሳስር ኖሬ ያን ቀን አላሰርኩም። ይሄ ውሸት ነው?»

«ውሸትማ አይደለም።»

«እንግዲያው ጻፊ።»

ጻፍኩ። በዚህ ሥራ ስንት ጉድ አይቻለሁ፤ ተበዳይ ራሱን ሲከስ በዳይ ቁጭ ብሎ ሲጽፍለት ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ከወረቀቱ ወደ እኔ መለሱ።

«እዚህ ላይ የምትጨምሪው ነገር አለ?»

«የለም ጋሼ።»

ትንሽ ጠበቁ። ትንሽ ሲባል ብዙ ነበር። ከዚያ፣ «በይ አውጪልኝ» አሉ። በግራ እጃቸው፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ሕፃን ምላሳቸውን ነክሰው ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ ፖል አልወጡም። እሳቸው ግን ከመኪናው መለየት እምቢ አሉ። ሌሎቹ ሲወጡ እሳቸው ከታች በየቤቱ እየዞሩ፣ «ጄነሬተር ያላችሁ አጥፉ! ሰው ፖል ላይ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። ጮኸው ብቻ አይሄዱም፤ በየሱቁ ብቅ ብለው በዓይናቸው አይተው ነው የሚያልፉት። የሠፈሩ ጎረምሶች «ጋሽ አጥፉ» የሚል ስም አወጡላቸው። መኪናው ከታየ፣ «ጋሽ አጥፉ መጡ!» ይባላል። እሳቸውም ይስቃሉ። ልደታ ግማሹ ፈርሶ ሲሠራ፣ ስንቱ ጎረቤት ወደ ዳር ሲበተን፣ እሳቸው በዚያ በጎደለ እጃቸው የቀረነውን በር ለበር ያንኳኩ ነበር።

የሁሉንም በር በአንድ አፍታ ነው የሚያልፉት። የእኔ በር ላይ ግን ይቆማሉ። ግራ ትከሻቸውን መቃኑ ላይ አስደግፈው፦

«ጄነሬተር አለ?»

«አለ ጋሼ፤ ጠፍቷል።»

አይሄዱም። ያዩኛል። እግራቸውን እያሳረፉ ነው እል ነበር፤ ዕድሜ ነው፣ ድካም ነው እል ነበር። ዝምታው ሲረዝምብኝ፣ «ምን ቆመው ያዩኛል? ሊያገቡኝ ነው እንዴ?» ብዬ እቀልዳለሁ። ፈገግ ይሉና፣ «በይ ደህና ዋይ» ብለው ይሄዳሉ።

ልነግራቸው የወሰንኩበት ቀን አንድ ሁለት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት እስር ፈራሁ። በሁለተኛው ዓመት፣ ባለፈው ዓመት ለምን አልነገርሽኝም እንዳይሉኝ ፈራሁ። ከዚያ በኋላማ ዓመቱ ራሱ አስፈራኝ። ለእንቁጣጣሽ ዳቦ ይዤ ጌጃ ሰፈር እሄዳለሁ፤ ለልጆቹ ደብተር እወስዳለሁ፤ የቤተሰቡን ማመልከቻ ሁሉ በነጻ እጽፋለሁ። ሰው፣ «ሮማን ለጋሽ ገመቹ ያላት ፍቅር!» ይለኛል። ፍቅሩም እኮ ውሸት አልነበረም። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

ጡረታ ወጥተው ዓመት ሳይሞላቸው ታመሙ። ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋው ላይ ትንሽ ሰው ሆነዋል። ያ ደንዳና አንገት የት እንደገባ እንጃ። ሚስታቸውን እትዬ ጫልቱን፣ «እስቲ ከሮማን ጋር ተይን» አሏቸው። እትዬ ጫልቱ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

«ሱቅሽ መብራት አለ?» አሉኝ።

«ዛሬ አለ ጋሼ።»

«ጄነሬተሩስ?»

«አለ። ጠፍቷል።»

እጃቸውን፣ ያንን ቀኝ እጃቸውን፣ ከብርድ ልብሱ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ሦስቱን ጣት ቆዳዬ ላይ ቆጠርኳቸው። ልነግራቸው ቆረጥኩ። «ጋሼ» አልኩ። «ወዬ» አሉ ቶሎ ብለው፣ ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው። በዚያች ቅጽበት የእድራቸው ሰዎች ከደጅ፣ «እንዴት ዋላችሁ፣ በሽተኛው እንዴት ናቸው?» እያሉ ገቡ። ተነስቼ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። «ሰሞኑን ብቅ እላለሁ» አልኩ። ብቅ ሳልል ሐና ጉርድ ፎቶ ይዛ መጣች።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። አምስት ሰዓት ሲሆን የቆምኩባትን ዐረፍተ ነገር አጥፍቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አደጋውን ያደረሰባቸው ጄነሬተር የእኔ የሮማን ነበር። እያወቅኩ ዝም አልኩ።» አተምኳትና ሱቄን ዘግቼ ጌጃ ሰፈር ሄድኩ። ድንኳኑ ተተክሏል። እትዬ ጫልቱን ወደ ጓዳ ጠራኋቸው።

«እትዬ፣ ሰው ፊት ሳይነበብ እርስዎ ይስሙት» ብዬ ከላይ ጀምሮ አነበብኩላቸው። ያቺ ቦታ ስደርስም አላቆምኩም፤ ጨረስኳት። መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«የሱቅሽ አምፖል ሲበራ አይቶታል» አሉ።

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«የእናንተ ረድፍ ጨልሞ የአንቺ አምፖል ቦግ ሲል ከላይ ሆኖ አየው። እጁ ሽቦው ላይ ነበር፤ ማንሻ ጊዜ አላገኘም። ከነቃ በኋላ መጀመሪያ የነገረኝ እሷን ነው።»

«ታዲያ ለምን... ለምን አልተናገሩም?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹እሷን ባሳስር ጣቴ አይበቅልም፤ የራሴንም ጥፋት አውቃለሁ› አለኝ። ‹ራሷ መጥታ ትነግረኛለች። ስትነግረኝ ያልቃል› አለኝ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ከሥራ ሲገባ ጫማውን እያወለቀ፣ ‹ዛሬ ሮማን በር ላይ ቆሜ ነበር› ይለኛል። ‹እሺ፣ ምን አለች?› ስለው፣ ‹ዛሬም አልነገረችኝም› ይላል። እናደድበት ነበር። ‹አፍ አውጥተህ አትጠይቃትም?› ስለው፣ ‹ተጠይቆ የሚነገር ምን ዋጋ አለው› ይለኛል። ባለፈው ስትመጪ እኔን ያስወጣኝ ለዚህ ነበር። ስትሄጂ ገባሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። አልጠየቅኩትም።»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አነሱኝ፤ ግን አላቀፉኝም።

«ይቺን ከዚህ አውጫት» አሉ ወረቀቱን እየጠቆሙ።

«እባክዎ እትዬ፣ ትነበብ። ሰው ይወቀው።»

«ሰው ቢያውቀው ለአንቺ ይቀልልሻል። እሱ እንደሆነ ከአፍሽ ሳይሰማ ሄደ። እሱ ይህን ሁሉ ዓመት የሸፈነውን እኔ በቀብሩ ቀን አልገልጥም። ልጆቹም አያውቁም።»

«እርስዎስ ይቅር ይሉኛል?»

«ይቅርታው እሱ ጋ ነበር፤ ይዞት ሄደ» አሉኝ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ፣ «በይ ቶሎ ሄደሽ አስተካክለሽ አምጪው፤ ሰዓት ደርሷል» አሉ።

አስተካክዬ አመጣሁት። ቀብሩ ላይ የወንድማቸው ልጅ አነበበው። «በሥራ ላይ ሳሉ በደረሰባቸው አደጋ» ሲል የድሮ ባልደረቦቻቸው፣ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ የመጡት፣ እየተንሰቀሰቁ አለቀሱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። አንዲት ሴትዮ ደግፋኝ፣ «አይዞሽ፣ አባትሽ ናቸው?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰልስቱ ወጥቼ ሱቄ ገባሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የማዶዎቹም የእኛም ጄነሬተሮች እየተቀባበሉ ተነሱ። መኪናዋ መጣች። አንድ ሰው ትራንስፎርመሩ ጋ ሄደ፤ ሌላው ቀበቶውን ታጥቆ መሰላሉን ከዚያው ፖል ላይ አስደገፈ። «ጄነሬተር አጥፉ!» ብሎ አንዴ ጮኸ፤ በዚያ ጫጫታ ማን ሰምቶት። በር ለበር የሚዞር ሰው የለም። ይዞር የነበረው ሰው ከትናንት ወዲያ ተቀብሯል።

ሳላስበው ወጣሁ። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ጀማል ጋ ገባሁ። «ጄነሬተር ያላችሁ አጥፉ! ሰው ፖል ላይ ነው!» ጀማል መላጫውን ይዞ ቀረ። ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ፣ ቀጥሎ ፎቶ ቤቱ፣ ቀጥሎ የሞባይል ጥገናው። ጮኼ ብቻ አላለፍኩም፤ እየገባሁ በዓይኔ አየሁ። ባለሞባይሉ ልጅ፣ «እትዬ ሮማን፣ ምን ነካሽ?» አለኝ። «አጥፋ!» አልኩት። አጠፋ። የእኛ ረድፍ ጸጥ ሲል ፖሉ ላይ ያለው ሰው ወደ ታች አየኝ።

«ሁሉም ጠፍቷል?» አለ።

«አንድ በር ይቀረኛል» አልኩት።

የቀረው የእኔ ነው። ጄነሬተሩ ከጀርባ ነው፣ አልተነሳም፣ አውቃለሁ። ግን ሄጄ ደፉ ላይ ቆምኩ። ግራ ትከሻዬን እሳቸው በሚያስደግፉበት ቦታ አስደገፍኩት። ቀለሙ እዚያ ጋ ተፍቋል፤ ስንት ጊዜ ያስደገፉበት ነው። ወደ ውስጥ፣ ወደ ባዶው ወንበሬ አየሁ። ከዚህ ሆነው የሚያዩኝ እንዲህ ነበር። ከዚህ ሆነው የሚጠብቁት አንዲት ቃል ነበር።

«አለ ጋሼ» አልኩ። «ያን ቀን ግን አልጠፋም ነበር።»